ጊታሩ የሳተበት ቦታ

«ስቷል!»

«አልሳተም!»

በ1975 ዓ.ም. መስከረም ሁለት አልፎ፣ መስቀልም አልፎ፣ ጥቅምት እስኪገባ ድረስ መካነ ሰላም ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ ወሬ አልነበረም። ገብሱ እየደረሰ፣ ጭቃው እየደረቀ፣ ካድሬው በየስብሰባው ስለ ምርት ዘመቻ እየጮኸ፣ ሰዉ ግን አካሉ የሚባለው ጊታረኛ ጣቱ ስቷል ወይስ አልሳተም በሚል ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁ። አንድ ዘበኛ ከአማቹ ጋር ሰላምታ አቋርጧል።

መጀመሪያ እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዱ ጠሃ ነው፤ የከተማው የቁርዓን አስተማሪ የሼህ አብዱልጀሊል ልጅ። አንዷ እኔ ነኝ፤ የድጓ መምህሩ የመሪጌታ ወልደሩፋኤል ልጅ፣ ደብረወርቅ። ሁለታችንም መናገር አንችልም። ስለ ጊታሩ እውነቱን መናገር ማለት እንደምንዋደድ ለአገር ማወጅ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። መጥተው ዝናቡ መንገዱን ቆረጠባቸውና እስከ በዓሉ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ጭቃ ሲያቦኩ ሰነበቱ። ከመካከላቸው አንዱ አካሉ ነበር፤ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ጠጅ ቤት እንኳ ጸጥ የሚልለት ሰው። የእኛ አውራጃ የኪነት ቡድን ደግሞ ዘመናዊ ክፍል ነበረው። ልጆቹ የውጭ ሙዚቃ በሬዲዮ እየሰሙ አበዱና ትልቁ ከበሮ ላይ «ሮክ ባንድ» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ። ካድሬው ሮክ የኢምፔሪያሊስት ነው ብሎ አስፋቀው። ሲፋቅ ይባስ ደምቆ ታየ። የዚህ ባንድ ጊታር ተጫዋች ጠሃ ነው። አባቱ ሼህ አብዱ ልጃቸው ጊታር መያዙን ከሰሙ ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ዝም ነው ያሉት፤ እሱም ከቁጣ የከፋ ነበር።

በበዓሉ ዕለት አካሉ አንድ ዘፈን ከልጆቹ ጋር ልጫወት ብሎ መድረክ ወጣ። ዘፈኑ ስለ እርከን ሥራ ነው። ስለ እርከን! መሐሉ ላይ ዘፋኙ ዝም አለ፣ ከበሮው ዝግ አለ፣ አካሉም ብቻውን ገባ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እርከኑንም አብዮቱንም ረሳ። አንዲት ትንሽ ዜማ ነች፤ ሦስት ጊዜ መላልሶ አዞራት። ታዲያ በእያንዳንዱ ዙር፣ ዜማዋ ወርዳ ልታርፍ ስትል፣ የሰውም ጆሮ ታች ሆኖ ሲጠብቃት፣ አካሉ አንዲት እርምጃ ሽቅብ ይላል። እዚያ ላይ ይቆያል። ከዚያ ዘግይቶ ይወርዳል።

ጭቅጭቁ የተነሳው በዚህች እርምጃ ነው። ልብስ ሰፊው ቸኮል ቴፑን መድረኩ ሥር ደብቆ ቀድቶት ስለነበር ክርክሩ ማስረጃ አላጣም። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ቴፑን ይከፍታል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ውጊያው ይጀመራል።

አንድ ቀን የእናቴን ቀሚስ ልወስድ ጎራ አልኩ።

«ሰላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ» ይላል ቸኮል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። «መርፌ ሲዘል በጆሮዬ አውቃለሁ። ይኼ መርፌ ዘሏል!»

«ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል?» አለ መለሰ። መለሰ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ አልሳተም የሚሉት ሁሉ አለቃቸው አድርገውታል። «አንዴ ከሆነ ስህተት ነው እንበል። ሦስቴ ከሆነ ግን አውቆ ነው ጋሼ ቸኮል!»

«ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። የአንተ አካሉ ሦስተኛ ጨመረበት!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ከንፈሬ ግን እሺ አላለኝም። ቸኮል አየኝና ቀሚሱን እያጣጠፈ «እስቲ አንቺ የየኔታ ልጅ፣ ጆሮ ያለሽ ነሽ። ፍረጂ» አለኝ።

«እኔ ስለ ጊታር ምን አውቄ ጋሼ!»

«ስለ ጊታር ማን ጠየቀሽ? ስለ ዜማ ነው።»

እዚህ ላይ መለሰ ጭኑን መታ። «ኧረ ምን ነካን! የኔታ እያሉልን ምን አጨቃጨቀን? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቴፑን ይዘን እንሂድ። ድጓ ያስተማሩ ሰው ከፈረዱ ማን ይከራከራል?»

ሁሉም በአንድ አፍ «እውነቱን ነው» አሉ። ቀሚሱን ታቅፌ ወጣሁ። ቀን ቆጠርኩ፤ ሐሙስ ነው። እሁድ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ሊያስቀራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

*

የፈራሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ለተማሪዎቹ ድጓ ሲያስተምር በር ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። ተማሪዎቹ «ሴትን ከድጓ ምን አገናኛት» እያሉ ያባርሩኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ቀን አለቀስኩ። በማግስቱ አባቴ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝና ቃል የሌላት ትንሽ ዜማ አሰማኝ። ራሱ ነው ያወጣት።

«ይቺ የአንቺ ናት» አለኝ። «የቤተ ክርስቲያን አይደለችም፣ የዘፈንም አይደለችም። የቤታችን ናት። ከደጅ እንዳታወጫት።»

ዓመት ሙሉ አለማመደኝ። መጨረሻዋ ላይ ግን አንድ ቦታ እምቢ አለኝ። ድምፄ መውረድ ሲገባው አንዲት እርምጃ ሽቅብ ይልና ዘግይቶ ይወርዳል። ቢያርመኝ፣ ቢያርመኝ፣ አልሆነም። በኋላ ራሱ ሳቀና ተወው። «ይኼ ጉሮሮ ፍየል ነው፤ ሽቅብ ካላለ አያርፍም» ይለኝ ነበር። ይህችን ዜማ ከነስህተቷ የሚያውቁ በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባቴ፣ እናቴ ወይዘሮ ሸዋረግና እኔ።

አራተኛው ጠሃ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ሁለታችንም በመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ሆንን። በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳዎቻችን ጀርባ ለጀርባ ቆመው፣ እኔ በዚህ በኩል ለሴቶች፣ እሱ በዚያ በኩል ለወንዶች። አንድ ዓመት ሙሉ ንግግራችን «ጠመኔ አለሽ?» እና «አለኝ» ነበር። እሱ ጠመኔ እያለው ይጠይቀኝ እንደነበር እኔም አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሰጠሁት። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ወጥተው ሰሌዳዬን ስጠርግ ሳይታወቀኝ አንጎራጎርኩ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል። በማግስቱ ዴስኩን በጣቱ እየመታ ዜማዬን በአፉ መለሰልኝ፤ ያቺን ቦታ ሳያስቀር።

«እዚህ ጋ ለምን ትወጫለሽ?» አለኝ።

«መውረድ አልችልም።»

«አትችይም ነው? ወይስ መውረድ አትወጂም?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ያረመኝን እሱ ወደደው። ዜማዋ ከደጅ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ወጣሁ።

ታዲያ በአብዮት በዓል ዕለት፣ ያቺኑ የቤታችንን ዜማ በአካሉ ጊታር፣ በትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ አገር በተሰበሰበበት ስሰማት ምን እንደሆንኩ አስቡት። በሰው ፊት የተራቆትኩ መሰለኝ። ጠሃ ከአካሉ ጎን ቆሞ ሁለተኛውን ጊታር ይመታል። ዓይኖቻችን ተገናኙ። ፈገግታ ጀምሮ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። በዝነኛ ሰው ዘንድ ለመወደድ ሲል ሸጠኝ አልኩ በልቤ። ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኩትም። ጠመኔ ሲጠይቀኝ ሰሌዳው ሥር አስቀምጬለት እወጣ ነበር።

የጠሃን ደብዳቤ ያመጣችልኝ እህቱ አስያ ናት፤ የልቤ ጓደኛ ናት። በመማሪያ ደብተር መሐል አድርጋ ሰጥታኝ «አንብበሽ ስታበቂ አልቅሺ፤ እኔ አንብቤ አልቅሻለሁ» አለችኝ። አስያ እንደዚህ ናት፤ ምስጢር ትጠብቃለች፣ መጀመሪያ ግን ታነበዋለች።

«ለምወድሽ ደብረወርቅ፣ እኔ ከዝምታሽ በቀር ደህና ነኝ። ወላሂ አልሸጥኩሽም። ሦስቱን ቀን ስንለማመድ ጋሽ አካሉ ‹የምታውቁትን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰምቼው የማላውቅ ነገር ስጡኝ› አለን። ጣቴ ሳላዘው ያንቺን መታ። ጋሽ አካሉ ጊታሩን አስቀምጦ ‹ድገመው› አለኝ። ያቺን ቦታ ላርማት ስል እጄን ያዘኝና ‹እዚች ጋ ሰው አለ፤ አትንካት› አለኝ። ደብሬ፣ ያን ጊዜ ደስታዬ አፌን ዘጋው እንጂ መከልከል ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እንዲሰማሽ ፈለግሁ። እኔ ብቻዬን ማድነቅ ከበደኝ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ጠሃ።»

አስያ እንዳዘዘችኝ አለቀስኩ። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም። በምትኩ ፍርሃት መጣ፤ ኩርፊያ ይሻለኝ ነበር።

*

እሁድ እንደተፈራው መጣች።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገና ነጠላውን ሳያወርድ ግቢው በሰው ሞላ። ቸኮል ቴፑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተሸክሟል፤ አዳዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቶለታል። መለሰ ካራቫት አስሯል። እኔና እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነን።

«የኔታ፣ ለዳኝነት ነው የመጣነው» አለ መለሰ ጎንበስ ብሎ።

«በማን ላይ?»

«በጊታር ላይ።»

አባቴ ከልቡ ሳቀ። ጨዋታ ይወዳል። «እኔን ከጊታር ጋር ልታካስሱኝ! እሺ፣ ተከሳሹ ይቅረብና ቃሉን ይስጥ» አለ። ሰዉም ሳቀና መሬት መሬቱን ያዘ።

ቸኮል ቴፑን ከፈተ። መጀመሪያ ስለ እርከኑ ተዘፈነ፤ አባቴ «ጎበዝ፣ አፈሩ አይታጠብ» እያለ ያሾፋል። ከዚያ ዘፋኙ ዝም አለ፣ ጊታሩም ገባ። የአባቴ ጣት እንደ ልማዱ ጉልበቱን ቀስ እያለ መምታት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

እናቴ አንጓዬን ያዘችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ሰምታለች፤ ከናፍሯ ነጭ ሆነዋል። እጄን ጨመቀችው፣ ጨመቀችው። መጋረጃውን ገልጬ ልሩጥ፣ ቴፑን ድንጋይ ላይ ልፈጥፍጠው፣ «ይበቃል» ልበል አልኩ። ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅሁም።

«መልሱት» አለ አባቴ።

መለሱት።

«እንደገና።»

እንደገና መለሱት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። ሦስተኛው ሲያልቅ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«ይቺን ዜማ ለእንግዳው ማን ሰጠው?»

መለሰ ቶሎ ብሎ፣ ደግሞም በኩራት፣ «የእኛው ልጅ ነው የኔታ! የሼህ አብዱ ልጅ ጠሃ ነው ያስጠናው፤ ሦስት ቀን አብረው ነበሩ» አለ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ፍርዱን ሰጠ።

«ጊታረኛው አልሳተም። የተሰጠውን እንደተሰጠው መልሷል። ታማኝ ተማሪ ነው። በሰላም ሂዱ።»

አልሳተም ባዮች በእልልታ ግቢውን አናወጡት። መለሰን ተሸከሙት። ቸኮል እንኳ «የኔታ ካሉ አለቀ፣ መርፌው አልዘለለም» ብሎ ተሸነፈ። እየጨፈሩ ወጡ። ያ ሁሉ ደስታ ከደጃችን ሲርቅ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ጸጥታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

*

«ደብረወርቅ» ብሎ ጠራኝ። ሲቆጣ እንኳ ደብሬ ነበር የሚለኝ።

«አቤት አባ።»

«ያቺ ዜማ ከደጅ ወጣች።»

«ወጣች አባ።»

«ብቻዋን ነው የወጣችው?»

መሬት መሬቱን አየሁ። ውሸት ለመፈለግ ሞከርኩ፤ አባቴን ዋሽቼው ስለማላውቅ ከየት እንደሚጀመር አላወቅሁበትም።

«ብቻዋን አይደለም። እወደዋለሁ አባ። እሱም ይወደኛል። ሁለት ዓመት ሆነን።»

እንዲህ ያለ ቃል ለመሪጌታ አይነገርም። ጥፊውን ጠበቅሁ። አባቴ ግን ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ሦስት ጊዜ መልሱት ያልኩት ለመፍረድ መሰለሽ?» አለኝ። «በመጀመሪያው አውቄሻለሁ። ድምፅሽ ናፍቆኝ ነው። ለእኔ ማሰማት ከተውሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ጋቢውን ለበሰ። እናቴ በሩ ላይ «ወዴት ነው?» አለችው።

«ሼህ አብዱ ዘንድ» አለና ወጣ።

አስያ የሰዉን ግርግር ልታይ መጥታ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ከደብተር ቅዳጅ ላይ ቸኩዬ ጻፍኩ፤ «ጠሃ፣ አባቴ ሁሉን አውቆ ወደ እናንተ መጥቷል። አንድ ክፉ ቃል ከተለዋወጡ እኔ ከዚህ ቤት ወጥቻለሁ። ነገ ጠዋት እህል የጫነ መኪና ወደ ደሴ ይሄዳል።» አስያ ሮጠች። ብዙም ሳትቆይ መልሱን ይዛ መጣች፤ «አብሽሪ። ጫማዬን አስሬ ተቀምጫለሁ። ጋሽ አካሉ አዲስ አበባ ከመጣህ ፈልገኝ ብሎኛል። ከተጣሉ እንሄዳለን።»

«ተመለሺና ጠብቂ» አልኳት። «ድምፃቸው ከፍ ሲል ነይ።»

ሁለት ቀሚስና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን በሻሽ ቋጠርኩ። ከዚያ ተንበረከክሁ። ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ፣ በሰንበት፣ አባቴ እንዲሰደብ ጸለይሁ። አንድ ክፉ ቃል ብቻ! አባቴ «ያንተ ልጅ ልጄን አበላሸብኝ» ይበላቸው። ሼሁም «ያንተ ልጅ ናት ያጠመደችው» ይበሉት። በር ይወርወር፣ ከዘራ ይነሳ። ከተጣሉልን ነፃ ነን። ከእርግማን መሸሽ ይቻላል።

አስያ በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ተጣሉ?» አልኳት ቋጠሮዬን አንስቼ።

«ኧረ ወዲያ! ተቃቅፈው ያለቅሳሉ!» አለችኝ። «ነይ ብለውሻል።»

ቋጠሮውን አስቀመጥኩት። ያለቀልን ያኔ ነው። የቀረውን የምነግራችሁ ስለጀመርኩት ነው።

*

ሼህ አብዱልጀሊልና አባቴ የሰላሳ ዓመት ወዳጆች ናቸው። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን የአባቴ ተማሪዎች ነፍስ የቆየችው ከሼሁ ጎተራ በወጣ ገብስ ነው። የጠሃ እናት ስትሞት አባቴ ከሐዘኑ ቤት ሦስት ቀን አልተነሳም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን ረስቼው ነበር፤ ረስቼው ባይሆን ጠብ አልመኝም ነበር።

ስገባ ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሼሁ እጅ በአባቴ እጅ ውስጥ ነው። ጠሃ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ እውነትም ጫማውን አስሯል።

«ነይ ልጄ ደብሬ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ ሼሁ። «አላህ ያክብርሽ። ልንቆጣሽ አይደለም።»

«ይቆጡኝ!» አልኩ። አፌ አምልጦኝ ነው። «አባ፣ ተቆጣኝ!»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ሼህ አብዱ፣ አንቱ ይንገሯቸው። እኔ አልቻልኩም» አለ።

ሼሁ ቀስ ብለው፣ ተማሪ እንደሚያስረዱ፣ ተናገሩ።

«በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ ሲጋባ አዲስ አይደለም። የገበሬ ልጆች ብትሆኑ እኔም የኔታም አብረን ዱዓ አድርገን፣ መርቀን እንድራችሁ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የእኛ ልጆች ሆናችሁ። ጠሃ ቢጠመቅ ቁርዓን የማስቀራቸው ደረሶቼ በማግስቱ ይበተናሉ፤ ‹ልጁን ያልጠበቀ እኛን ምን ይጠብቃል› ይላሉ። አንቺ ብትሰልሚ የኔታን ደብሩ ያሰናብታቸዋል። በየሃይማኖታችሁ ሆናችሁ ኑሩ ብንል ሁለቱም ወገን አይቀበለንም። ከዚያ ሰዉ በገበያው መሐል ‹የእናንተ ልጅ፣ የእኛ ልጅ› መባባል ይጀምራል። ልጄ፣ እኛ ሁለታችን ሰላሳ ዓመት የደከምነው ያ ቃል ከዚች ከተማ እንዳይገባ ነው።»

«ብንሄድስ አባ?» አለ ጠሃ። «ማንም ወደማያውቀን ብንሄድ?»

«ሂዱ» አሉ ሼሁ። «ወላሂ አንረግማችሁም። የኔታም አይረግሙም፤ እዚሁ ተነጋግረናል። ለመንገዳችሁም ስንቅ እናስይዛችኋለን። ብቻ አንድ ነገር ንገሩን፤ በማግስቱ ሰው ‹ልጃችሁ የት ሄደ› ሲለን እኔ ለደረሶቼ፣ የኔታ ለተማሪዎቻቸው፣ ምን እንበል? እናንተ የምትሉንን እንላለን።»

ጠሃ አየኝ። አየሁት። የሚባል ነገር ፈለግን። ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን፣ ፊደል ያስቆጠርን ነን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ጠፋን። አባቴ ቢመታኝ በመስኮት እዘል ነበር። ቢቆልፍብኝ በሩን እሰብር ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ በሩ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ረግጠናቸው ካልሆነ አንወጣም።

ከዚያ ሼህ አብዱ እጃቸውን መሬት ላይ ተመርኩዘው ተነሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሁለቴ ሞክረው ነው የተነሱት። ፊቴ መጥተው እግሬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«አውፍ በይኝ ልጄ» አሉኝ። «በምራትነት ብትገቢልኝ ደስታዬ ነበር። አውፍ በይኝ።»

«ያረቢ፣ ሼህ አብዱ፣ ይነሱ! ኧረ በአላህ ይነሱ!» እያልኩ ትከሻቸውን ያዝኩ። ቀና ስል አባቴ ደግሞ ጠሃ ፊት ቆሟል። አባቴ፣ ድጓ ያስተማረው ሰው፣ የዚያን ልጅ እጅ ይዞ «አንተም ልጄ ይቅር በለኝ። ዜማዋን ከእኔ የበለጠ ሰምተሃታል። እኔ ላርማት ነበር የፈለግሁት» ይለዋል።

በቤቱ ውስጥ የማያለቅስ ሰው አልነበረም። አስያ ከውጭ ሆና ትነፋረቃለች። እኔ ሁሉንም በየተራ አየኋቸው፤ የሼሁን ነጭ ጢም፣ የአባቴን የተጣመመ ጋቢ፣ የጠሃን የታሰረ ጫማ። አንድ ሰው መናገር ነበረበት። እምቢ ማለት የሚችል ሰው እንደሌለ አውቄያለሁ። የቀረው እሺ የሚለው ማን ነው የሚለው ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ሰው በአንድ ቃል የሚሰጥ ማን ነው? ያንን ቃል የተናገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሰማው እንደሚኖር ገባኝ። ጠሃ እምቢ በልልኝ ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እሱም በዓይኑ የሚለምነኝ እንደዚያው ነው። ወዲያው ደግሞ ሼሁ እጄን ሲጨብጡኝ፣ አፌ በራሱ ሲከፈት ተሰማኝ። «እሺ» ልል ነው። ምላሴ ላይ ደርሷል።

ጠሃ አፌን አየ። ሲከፈት አየው።

«እሺ አባ» አለ ቀድሞኝ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሁሉም እንዲሰማው። «እሺ የኔታ። እሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የተውኳት።»

ይህን ብሎ እኔን ሳያይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። አስያ «ፈሪ! ፈሪ!» እያለች ከኋላው ጮኸች። በማግስቱም አገሩ ሁሉ፣ ነገሩን በጭምጭምታ የሰማው ሁሉ፣ የሼሁ ልጅ የየኔታን ልጅ ከዳት አለ፤ እኔም ሲታዘንልኝ ዝም አልኩ። ቃሉ የእኔ እንደነበረ፣ ከአፌ ላይ ነጥቆኝ እንደሄደ፣ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩም።